ግማሹ ቤት

ጃኒስ ትሬልፎል ሐሙስ ጠዋት፣ ዳቦዋ ላይ ቅቤ እየቀባች፣ እህቷን ዋሸቻት።

«ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ።»

ዶሪን ከጋዜጣው ቀና አላለችም። «በዚህ ከተማ ጥርስ ሐኪም ካገኘሽማ ስሙን ጻፊልኝ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ተራ እየጠበቅኩ ነው።»

«አንድ ሰው ቀርቶባቸው ነው የደወሉልኝ።»

«እድልሽ ነው። እኔም እወጣለሁ ዛሬ። የሹራብ ክር አልቆብኛል።»

ሁለቱ እህትማማቾች በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ፍሊትዉድ ውስጥ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ በተሠራ ቀይ የጡብ ቤት አብረው ይኖራሉ። ዶሪን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚያው ቤት፣ ዛሬም በምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። ጃኒስ በሰባት ዓመት ታንሳታለች። ፍቺዋን ጨርሳ ወደ አባቷ ስምና ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ ነበር። እናታቸው ስትሞት ቤቱን ለሁለቱም እኩል አወረሰቻቸው።

ጃኒስ ከመርከብ ማቆሚያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ከፍታ ነበር። ለምድጃና ለጣሪያ ተበደረች። ሁለት በጋ በተከታታይ ዝናብ ሆነና ሻይ ቤቱ ተዘጋ፤ ዕዳው ግን አልተዘጋም። አበዳሪው ከሶ አስፈረደባት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ አርባ ፓውንድ ትከፍላለች። ለዶሪን «ከሰርኩ» ብላታለች። «ተበድሬ ነበር» አላለቻትም።

ከሁለት ወር በፊት ደግሞ በበሩ ቀዳዳ አንድ ደብዳቤ ገባ። ጃኒስ ቆማ አነበበችው። ፍርድ ቤቱ ለአበዳሪው በቤቱ ላይ ጊዜያዊ የመያዣ ትዕዛዝ ሰጥቷል ይላል። «ቤቱ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ዓይኗ አልሄድ አላት። ወረቀቱን አጥፋ ከፎጣዎቹ ሥር ከተተችው። ተቃውሞ ያለው ሰው በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ይጻፍ የሚለው መስመር ከታች ነበር፤ እዚያ አልደረሰችም። ሁለተኛው ደብዳቤ የችሎቱን ቀን ይዞ ሲመጣ፣ ነገሩ ሁልጊዜም እንዲህ የሚሄድ መሰላት።

ዕዳው ራሱ ያን ያህል አላስፈራትም። እንቅልፍ የነሳት አንድ ሐሳብ ነበር፤ ዶሪን በሰባ አንድ ዓመቷ፣ እህቷ በገዛችው ምድጃ ምክንያት፣ ከተወለደችበት ክፍል ልብሷን በካርቶን ይዛ ስትወጣ።

ወደ ብላክፑል የሚሄደው ትራም ላይ ከፊት ተቀመጠች። በስተቀኝ ባሕሩ የእቃ ማጠቢያ ውሃ መስሎ ተዘርግቷል። «ክብርት ዳኛ፣ እህቴ ምንም አታውቅም» የሚለውን አምስት ጊዜ በልቧ ተለማመደች። አንድም ጊዜ ወደ ኋላዋ አልዞረችም።

የፍርድ ቤቱን ሕንጻ ሁለት ጊዜ ዞራ መጠበቂያ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች። ዶሪን ለቀብር የምትለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ ጭኗ ላይ ማኅደር አስቀምጣ ተቀምጣለች።

«ጥርስሽን እዚህ ነው እንዴ የሚነቅሉልሽ?» አለች ዶሪን።

«አንቺስ? ክሩን እዚህ ነው የሚሸጡት?»

ጃኒስ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቤቱ የኔም አይደል? ለጋራ ባለቤትም ይጽፋሉ። ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጣልኝ፣ አንቺ ጓሮ ልብስ ስታሰጪ።»

«እና ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«አንቺም ዝም አልሽኝ። መጀመሪያ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። በኋላ መናገሩ ከዕዳው በላይ ከብዷታል ብዬ ተውኩት። ዛሬም ከኋላሽ ነበርኩ እኮ፣ ትራሙ ላይ። ማጅራትሽን እያየሁ ነው የመጣሁት። ኮሌታሽ ተገልብጧል።»

ጃኒስ ኮሌታዋን ልታስተካክል እጇን አነሳችና ማልቀስ ጀመረች።

«በቃ፣ በቃ» አለች ዶሪን መሐረብ እያቀበለቻት። «ስማችንን እየጠሩ ነው። አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ዳኛ ፊት እንዲህ አይቀረብም።»

ችሎቱ ጃኒስ እንደፈራችው አልነበረም፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ማንቆርቆሪያ ውሃ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ዳኛ። የአበዳሪው ጠበቃ ወጣት ነው፤ የጀርባ ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጧል። ትዕዛዙ የመጨረሻ ሆኖ እንዲጸድቅለት በአራት ዓረፍተ ነገር ጠየቀ።

ዳኛዋ ወረቀት ገለጠች። «ጉዳዩ ዛሬ እዚህ የቀረበው የጽሑፍ መቃወሚያ ስለገባ ነው። ባይገባ ኖሮ ትዕዛዙ ያለ ክርክር ይጸድቅ ነበር።»

«እኔ... እኔ አልጻፍኩም» አለች ጃኒስ።

«አውቃለሁ። የጻፉት ወይዘሪት ዶሪን ናቸው። ሁለት ገጽ፣ በእጅ ጽሑፍ።» መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። «‹እህቴ ዕዳዋን የምትሸሽ ሰው አይደለችም› ይላል። ‹በጃንዋሪ ማሞቂያውን ስታጠፋ ተቆጥቻት ነበር፤ ለክፍያው መሆኑን የተረዳሁት ደብዳቤያችሁ ሲመጣ ነው። መክፈሏን ለመመስከር ብቁ ነኝ፣ አብሬያት በርዶኛልና።›»

ዶሪን ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ያመለጠ ክፍያ አለ?» ስትል ዳኛዋ ጠበቃውን ጠየቀችው።

ወጣቱ ወረቀቱን አገላበጠ። «የለም፣ ክብርት ዳኛ። አንድም።»

ዳኛዋ ትንሽ ጻፈች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሁለቱም እንዲገባቸው፣ ተናገረች። ትዕዛዙ ይጸድቃል፤ ነገር ግን መያዣው የሚያርፈው በጃኒስ ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ቅድመ ሁኔታም አለው፤ አርባው ፓውንድ በየወሩ እስከተከፈለ ድረስ አበዳሪው ቤቱ ይሸጥልኝ ብሎ መጠየቅ አይችልም። «የእርስዎ ግማሽ፣ ወይዘሪት ዶሪን፣ ከዕዳው ነጻ ነው።»

«እሱስ ጥሩ» አለች ዶሪን። «ግን የትኛው ግማሽ ነው? ኩሽናውን ካገኘሁ አልከራከርም።»

ጠበቃው ሳቁን ለመደበቅ ቦርሳው ላይ ጎነበሰ። ጃኒስ ግን አልሳቀችም፤ ገና እየሰማች ነበር። «ማለት... እዚያው እንኖራለን?»

«እዚያው ይኖራሉ» አለች ዳኛዋ።

ውጭ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። ጃኒስ ደረጃው ላይ ቆማ አየር ሳበች፤ ደግማ ሳበች። ከዚያ ክፉኛ ራባት። ጥግ ላይ ካለው ቤት የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዝተው፣ ኮምጣጤ አርከፍክፈው፣ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ቆመው በሉ። ጃኒስ እየበላች ሁሉንም ነገረቻት፤ የምድጃውን ዋጋ፣ የጣሪያውን፣ ሻይ ቤቱን ስትዘጋ በሩ ላይ የቆመችበትን ጠዋት።

«ምድጃውን ማን ወሰደው?»

«ላይተም ከተማ ያለ አንድ ፒዛ ሻጭ። በሩብ ዋጋ።»

«ሌባ» አለች ዶሪን፣ ከጃኒስ ወረቀት ድንች እያነሳች። «ሌላ የደበቅሽኝ ነገር ካለ አሁን ተናገሪ። አፌ ሙሉ ስለሆነ መቆጣት አልችልም።»

«የለም። አለቀ።»

ሲመለሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትራሙ ገና ክሌቭሊስ ፌርማታ ሳይደርስ ጃኒስ እንቅልፍ ጣላት፤ ሁለት ወር የተጠራቀመ እንቅልፍ፣ ራሷን እህቷ ትከሻ ላይ ጥሎ። መውረጃቸው ሲደርስ በሩ ተከፈተ። ዶሪን ትኬት ቆራጩን አየችው፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ በሩ ተዘጋ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዱ። እዚያም ደርሰው፣ ሰዉ ሁሉ ወርዶ፣ ዶሪን ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ ትንሽ ቆየች።