ለአጭር ስም የተቆረጠ ሰሌዳ

በመንደራችን ልጅ ሲወለድ፣ ሕፃናትን ያመጣል የሚባለውን ሽመላ የማቆም ግዴታ የቀኝ ጎረቤት ነው። ከጣውላ ተቆርጦ ነጭና ጥቁር የተቀባ፣ የሰው ቁመት የሚያክል ሽመላ ደጃፍ ላይ በረጅም ምሰሶ ይተከላል፤ ከምንቃሩ የልጁ ስም ያለበት ሰሌዳ ይንጠለጠላል። እናትየዋ ከሆስፒታል ስትመለስ ጎረቤት ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ይቀበላታል፤ የቤቱ ሰዎች ደግሞ አረቄ ይቀዳሉ። የሄንድሪክና የዊብከ የቀኝ ጎረቤት እኔ ነኝ፤ ኖርበርት፣ የመስኮት ፋብሪካው አናጢ። ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሽመላ የሚተክል ሰው ስሙን ከወላጆቹ አፍ መስማት አለበት፤ እኔ ከአያቲቱ ሰማሁ።

"ስሟ ሚያ ነው" አለችኝ አብራቸው የምትኖረው የሄንድሪክ እናት ማርሊስ፣ አጥሩን ተደግፋ። "ጻፈውና ይለቅ።"

"ዊብከ ሌላ ስም አስባለች ሲባል ሰምቼ ነበር።"

"ዊብከ ከቀኗ አምስት ሳምንት ቀድማ የወለደች፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። የምታስበውን ታውቃለች ብለህ ነው? አንተ ቀባ!"

ቀባሁ። ከማርሊስ ጋር ሠላሳ ዓመት የተጎራበተ ሰው መልስ አያበዛም። ሰሌዳውንም ለአጭር ስም በሚበቃ ልክ ቆረጥኩት፤ ጣውላ መቆጠብ እወዳለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪናው መጣ። ባዶ ብርጭቆአችንን ይዘን ቆመናል። ዊብከ ከኋላ ወንበር፣ ከሕፃኗ አጠገብ ሆና ሰሌዳውን አየች። መስኮቱን አወረደች።

"ሄንድሪክ፣ ሚያ ማን ናት?"

ሄንድሪክ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። እናቱና ሚስቱ አንድ ቦታ ከሆኑ ሁልጊዜ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል።

"ልጅሽ ናታ!" አለች ማርሊስ። "ውረጂ እንጂ፣ ሰው በብርድ ቆሟል።"

"የልጄ ስም ጌርትሩድ ነው። የመዝገብ ቤቱ ቅጽ ላይ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ሰሌዳው ካልተቀየረ እዚሁ አድራለሁ።"

"ሄንድሪክ አልፈረመም! ያለ እሱ ፊርማ ደግሞ አይጸናም!"

ቅጹ ከሄንድሪክ የደረት ኪስ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ በእኛ መንደር ጌርትሩድ የምታገኙት መቃብር ስፍራ ነው፤ እዚያ በየረድፉ አለች። በእናቴ ክፍል አራት ጌርትሩዶች ስለነበሩ መምህሩ በቁጥር ይጠራቸው ነበር አሉ። ኋላ ስሙ እንደ ከሰል ምድጃ ከየቤቱ ወጣ። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ሦስት ሚያ አለ፤ ጌርትሩድ አንድም የለች። በሕይወት የቀሩት አንዲት ብቻ ናቸው፤ የሄንድሪክ አባት አክስት፣ ዘጠና አንድ ዓመት የሞላቸው አክስት ጌርትሩድ። እሳቸውም ባለጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ወደ መኪናው ተጠጉ።

"እስቲ ይንገሯት አክስቴ!" አለች ማርሊስ ደስ ብሏት።

"አብደሻል እንዴ ልጄ?" አሉ አክስት ጌርትሩድ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው። "ይህን ስም ስንት ዘመን እንደ እርጥብ ጆንያ ተሸክሜዋለሁ! ተማሪ ቤት የአይጥ እረኛ ነበር የሚሉኝ።"

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የቅድስት ጌርትሩድ ሐውልት አለ፤ በበትሯ ላይ አይጦች ይንጠላጠላሉ። ከአይጥ ትጠብቃለች ይባላል፤ በመጋቢት በዓሏ ሲደርስም ሁላችን ጓሮ መቆፈር እንጀምራለን።

"ከእኔ ጋር ይቀበር" አሉ። "ይህቺን ጫጩት አታሸክሚያት።"

"ጫጩት አይደለችም!" አለች ዊብከ። "ስትወለድ ሁለት ኪሎ አልሞላችም። በሁለተኛው ቀን የአፍንጫዋን ቱቦ በገዛ እጇ ነቀለችው። ነርሷ መለሰችላት፤ ደግማ ነቀለችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነቅለው ሐኪሙ መጥቶ ነርሷን 'ተያት፣ ራሷ ትተንፍስ' አለ። ጌር በድሮ ቋንቋችን ጦር ነው፤ ትሩድ ብርታት። ታዲያ ምን ልበላት?"

"ጦር?" አሉ አክስት ጌርትሩድ። "ለእኔ የነገሩኝ ስለ አይጡ ብቻ ነው።"

"ልጆች ሲያሾፉባት፣ እያለቀሰች ስትመጣስ?" አለች ማርሊስ።

"እንባዋን ጠርጋ እንድትመልስላቸው አስተምራታለሁ። እማማ ማርሊስ፣ ሚያን እንዲህ ከወደዱት ድመትዎን ይጥሩበት።"

ሳቄን በሳል ሸፈንኩ። አሮጊቷ ግን ሕፃኗን ትክ ብለው አዩአትና ቀና አሉ።

"ኖርበርት! መሰላል አምጣ። በትልቁ ጻፍ፤ ዓይኔ ደቃቅ ነገር አያይም።"

"እንዳትነካው ኖርበርት!" አለች ማርሊስ።

መሰላሉንና የአጥሬን አረንጓዴ ቀለም አመጣሁ። መሰላሉን ወጥቼ ግማሽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። አንድ ጊዜ ያልተጠየቀ ወላጅ አሁንም ሳይጠየቅ እንዳይቀር ብዬ።

"ሄንድሪክ፣ አባትየው አንተ ነህ። ምን ልጻፍ?"

ሄንድሪክ መሪውን ለቀቀ። ወረደ፣ ቅጹን የመኪናው ጣሪያ ላይ ዘረጋ፣ ከአንዱ ጎረቤት እስክሪብቶ ለምኖ ፈረመ።

"እማዬ፣ ልጄ ጌርትሩድ ናት" አለ። "ድመቷን እንደፈለግሽ።"

ይህን ያህል ንግግር ለእናቱ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ማርሊስ ቤት ገብታ በሩን በላያችን ላይ ዘጋችው። እኔ ሚያን ደልዤ አዲሱን ስም ቀባሁ፤ ዊብከም ሕፃኗን ታቅፋ በሽመላው ሥር ወረደች። አረቄው ቀረብን ብለን ስንተክዝ በሩ ተከፈተና ማርሊስ ትሪውን ይዛ ወጣች።

"ለልጅቷ ነው" አለች ፊቷን ቋጥራ። "ለስሙ ጠብታ አልቀዳሁም።"

"ለእኔ ሁለት ቅጂልኝ" አሉ አክስት ጌርትሩድ። "አንዱ ለስሙ።"

ስሙ ሰሌዳው አልበቃውም። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ከጠርዙ አልፈው የሽመላው ደረት ላይ አረፉ። አፍሬ፣ ነገ ረጅም ሰሌዳ ቆርጬ አመጣለሁ አልኩ።

"እንዳትሞክረው!" አለች ዊብከ። "ያጠረው ሰሌዳው ነው። እንዲህ እንዳለ ይቁም።"