ኤሊዋ አፏን ስትከፍት

የካርቱን ስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሁሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስቦ፣ እንደ ሰፈር ጎረምሳ የኮምፒውተሩን ገጽ ደጋግሞ ያድሳል። ለመታየት ሁለት ሳምንት የሚቀረው የተከታታይ ፊልማቸው የመጨረሻ ክፍል ተሰርቆ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የለጠፈው ሰው «ቀሪው እየተጫነ ነው» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ተመልካቹ «ፍጠን እንጂ፣ ኤሊዋን አሳየን» እያለ ያዋክበዋል። ሰርቆ ያበላቸውን ሰው ዘገየህ ብሎ መስደብ፣ ይሄም አለ እንግዲህ።

ኤሊዋ በዚህ የካርቱን ፊልም ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ አንዲት ቃል ያልተነፈሰች አሮጊት ናት። በመጨረሻው ክፍል ትናገራለች። ምን ትል ይሆን እያለ ልጅ አዋቂው ሲገምት ከርሟል።

ባልደረቦቿ ጆሮ የሚሏት ድምፅ አቀናባሪ ጥግ ይዛ እጆቿን ጭኗ ሥር ቀብራለች። ፊት ለፊቷ ኤዲተሩ ቦርሳውን ታቅፎ ተቀምጧል። ፊልሙን ቤቱ ወስዶ እንዲሠራ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ስለሆነ ሌባው ሌላ ማን ይሆናል ተብሏል። ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አላገኘም።

ጆሮ ግን ታውቃለች። ያሳደገቻት ልብስ ሰፊ አክስቷ እግሯ ተሰብሮ ተኝታ፣ «መጨረሻውን ሳላይ ብሞትስ?» እያለች ነዘነዘቻት። በእግር ስብራት ማን እንደሚሞት እሷው ትወቀው። የጆሮ አንጀት አልችል አለና ክፍሉን በፍላሽ ሰርቃ ወሰደችላት። ምስጢሩን ግን አላወጣችም፤ ኤሊዋ በምትናገርበት ቦታ ላይ ለቀልድ የራሷን ድምፅ አስገባችበት። ጠዋት ስትደውልላት አክስቷ ፍላሹን ለአንዲት ልብስ አሰፊ ደንበኛዋ ብቻ እንዳዋሰች፣ ሴትዮዋም ወሬ የማታውቅ ጨዋ እንደሆነች ነገረቻት።

እንግዲህ ቀሪው ግማሽ ከመጣ፣ ኤሊዋ አፏን ስትከፍት የጆሮ ጉድ ይወጣል።

ገጹ ድንገት ባዶ ሆነ። አንዱ፣ ተዘግቷል አለ። ሥራ አስኪያጁ ትንፋሹን ለቀቀና፣ ቀሪው መጣም ቀረም ኤዲተሩ የስቱዲዮውን ቁልፍ አስረክቦ እንዲሄድ አዘዘ።

ጆሮ ተርፋለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ኤዲተሩ ቁልፉን ከቀለበቱ ሊያወጣ ታገለ። ጣቱ ይንሸራተታል። ጥፍሩን ሰክቶ ደግሞ ሞከረ። ክፍሉ ውስጥ ከዚያች ከምትንቀጫቀጭ ብረት በቀር የሚሰማ የለም፤ ጆሮ ደግሞ የመስማት ችግር ኖሮባት አያውቅም።

«ይተዉት» አለች። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። ለአክስቴ።»

«ለማን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ለአክስቴ። ተኝታብኝ ነው።»

ኤዲተሩ ቀና ብሎ አያት። ሊያቅፋት ይሁን ሊያንቃት እሱም የለየለት አይመስልም።

የእሷ ቁልፍ በቀላሉ ወጣ።

ታክሲ ውስጥ ከፊቷ ሁለት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ቀሪው ሌላ ገጽ ላይ ወጥቶ ኖሯል። ኤሊዋ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣችና በጆሮ ድምፅ፣ «አክስትዬ፣ እግርሽ ሳይሽር ብትነሺ ውርድ ከራሴ» አለች።

ወጣቶቹ ወደ ኋላ መልሰው ደግመው አዩት። አንደኛው፣ አክስት የተባለችው ኤሊዋ የምትኖርባት ተራራ መሆን አለባት፣ ነገሩ ጥልቅ ነው ሲል ሌላኛው ራሱን ነቀነቀ።

ስልኳ ጠራ። አክስቷ ናት። ጉድ ሠራሁሽ ብላ አለቀሰች፣ ደንበኛዋን ረገመች፣ ደግሞ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንደው... እውነተኛው ቃል ምን ነበር?»

«እንደ ሰው ጠብቂ» አለቻት ጆሮ።