ሀኪማ ዓይኗን የጨፈነች ዕለት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተ ከደጅ ያለኸው፣ ግባና ተቀመጥ፤ ወንበር ባይበቃ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቦታ አለ። ስልካችሁን አልከለክላችሁም፣ ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጉልኝ። የምነግራችሁ ስለ ሀኪማ ነው። የምትመረቁበት ቀን እየቀረበ ስለሆነ፣ የእሷን ነገር ብትሰሙት አይጎዳችሁም ብዬ ነው።

ሀኪማ የጎረቤቴ የጅብሪል ልጅ ናት። ጅብሪል ከወሎ መጥቶ እዚህ አቃቂ ከከተመ ቆይቷል፤ በኢሱዙው ሳሙናና ዘይት ጭኖ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ተማረች፣ በጥሩ ውጤት ተመርቃ መጣች። መጣችና ቤት ተቀመጠች። ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ታመለክታለች፣ የጽሑፍ ፈተናውን ታልፋለች፣ ለቃለ መጠይቅ ትጠራለች፤ እዚያ ስትደርስ ግን ድምጿ ይጠፋል። ያጠናችውን ትጀምርና መሃል ላይ እንደ ክር ይበጠስባታል። ከዚያ ይቅርታ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

አባቷ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ልጁ ቤት ውስጥ ስትከስም ማየት ከበደው። ቂሊንጦ ያለ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ እንደጠራት ሲሰማ፣ እንግዲህ ይሄ የመጨረሻው ይሁን አላት። ካልሆነ ኮምቦልቻ፣ አጎቷ ሱቅ ገብታ ትሠራለች፤ ቢያንስ ሰው ታያለች። ሀኪማ እሺ አለች። እሺ ብላ እኔ ግቢ መጥታ አለቀሰች። የሱቅ ሥራ ንቃ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት የደከመችበት ትምህርት ከእጇ ሊያመልጥ ስለሆነ ነው።

በማግሥቱ እንባዋን ጠራርጋ መጣችና ጠያቂ ይሁኑልኝ አለችኝ። ቤታቸው ወንድሟ ዑበይድ መላወሻ አሳጥቷታል፤ አፏን በከፈተች ቁጥር "እሜቴ ማናጀር፣ ሻይ ይምጣልዎ?" እያለ ይቀልድባታል። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ኬሚስትሪ የት አውቄ ልጠይቅሽ ብላት፣ ኬሚስትሪው አያስፈራኝም፣ የሚያስፈራኝ ስለ ራሴ ሲጠይቁኝ ነው አለች።

እንዲህ ሆነና በየአመሻሹ፣ ግቢዬ ካለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር፣ እኔ በፕላስቲክ ወንበር፣ እሷ በዱካ ተቀምጠን ሥራ ጀመርን። ጥያቄዎቹን እሷው አስጠናችኝ። ተማሪ ሳለች ስለ ንግግርና ስለ ሥራ ፍለጋ ስልጠና ወስዳለች። ከሰዓቱ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ስለ ድርጅቱ አንብባችሁ ሂዱ፣ ጠያቂው ሲናገር አታቋርጡ ተብለዋል፤ ይሄ ደግ ትምህርት ነው፣ እናንተም ያዙት። አንዳንዱ ግን ለእሷ አልዋጥ አላት። ዓይን ለዓይን እያያችሁ ተናገሩ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ኢንሻአላህ ወይም እግዜር ካለ አትበሉ፣ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ያስመስላችኋል ተብለዋል። ታላቅ ፊት ዓይንሽን ሰበር አድርጊ፣ ራስሽን አታሞግሺ ተብላ ያደገች ልጅ ዛሬ ተነስታ "እኔ ጎበዝ ነኝ" ማለት እንዴት ይሁንላት?

ድክመትሽ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁኝ ስትለኝማ ሳቄ አመለጠኝ። ለልጃቸው ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እንኳ እንደዚህ ያለውን አይደፍሩም። ቀጥሎ የአምስት ዓመቱ ጥያቄ መጣ።

"ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?" አልኳት፣ ኮስተር ብዬ።

"በከፍተኛ የኃላፊነት ቦታ ላይ ሆኜ ድርጅቱን በቅንነት ሳገለግል አያለሁ።"

"አየሽው?"

"ምኑን፣ እማማ?"

"ቦታውን ነዋ።"

ሳቀች። እንደሱ ነው የሚባለው፣ ሁሉም የሚመልሰው እንደዚያ ነው አለች። እኔ ግን የምሬን ነበር። የት ታያለሽ ካሉሽ አይተሽ ንገሪያቸው፤ እስቲ ዓይንሽን ጨፍኚና እዪ አልኳት።

የክረምቱ መውጫ ነበር። ከወንዙ በኩል ጉም ተነስቶ አጥራችንን አልፎ ገባ። የጎረቤት ቆርቆሮ፣ የመብራቱ ምሰሶ፣ የሩቁ ጭስ ማውጫ፣ ሁሉም ነጭ ሆነ። የከባድ መኪናው ድምፅ ከአስፋልቱ ሳይሆን ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር። ሀኪማ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነጠላዬን ላለብሳት ብድግ ስል መናገር ጀመረች።

ረጅም ነጭ ኮሪደር ነው አለች። ነጭ ጋዋን ለብሳለች፣ ጫማዋ ድምፅ የለውም። ከመስታወቱ ማዶ የልጆች ሽሮፕ እንደ ማር እየተንቆረቆረ ጠርሙስ ይሞላል። ጠርሙሶቹ ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ሰልፉ ግድግዳውን አልፎ፣ ሜዳውን አቋርጦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞቹ ድረስ ይዘልቃል። በየመስኮቱ እናቶች እጃቸውን ዘርግተው አንድ አንዱን ይቀበላሉ።

"አንዷን ከመስመሩ አወጣኋት" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "መልኳ ደስ አላለኝም። ማሽኑ ቆመ። ሰዎቹ ተቆጥተዋል፣ እማማ። ብዙ ናቸው።"

"አንቺስ?"

"ይሄ ልጅ የሚጠጣው ነው፣ እስክናጣራ ቆዩ እላቸዋለሁ።"

"ጮኸሽ ነው የምትያቸው?"

"አይ። በዚሁ በድምፄ ነው።" ቀጥላም፣ "ይሰሙኛል" አለች።

ዓይኗን ስትገልጥ ከሩቅ አገር እንደተመለሰ ሰው ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችው። ያን ዕለት ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኋትም።

የቃለ መጠይቁ ቀን በጠዋት ተነስታ፣ በሚኒባስ ቂሊንጦ ሄደች። እዚያ የሆነውን የነገረችኝ እሷው ናት። ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት ወንዶችና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ነበሩ፤ ሴትዮዋ የጥራት ቁጥጥሩ ክፍል ኃላፊ ናት። ስለ ትምህርቷ የጠየቋትን ሁሉ መለሰች። በመጨረሻ አንደኛው ሰውዬ ያን የአምስት ዓመቱን ጥያቄ አነሳ። "በከፍተኛ የኃላፊነት..." ብላ ጀመረችና ክሩ ተበጠሰ።

ከዚህ በፊት ይቅርታ ብላ የምትነሳው እዚህ ላይ ነበር። አሁንም ይቅርታ አለች፤ ግን አልተነሳችም።

"ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" አለቻቸው። "ልየውና ልንገራችሁ።"

ብላም ዓይኗን ጨፈነች። ዓይን ለዓይን ተያዩ የተባለችው ልጅ፣ ሦስት አለቆች ፊት። አንደኛው ሲስቅ ሰማችው። ግን ዓይኗን አልገለጠችም፤ ነጩ ኮሪደር እስኪመጣ ጠበቀችው። ሲመጣ ያየችውን በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ ነገረቻቸው፤ ጠርሙሷን፣ የቆመውን ማሽን፣ የተቆጡትን ሰዎች። ዓይኗን ስትገልጥ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ይላሉ። ሴትዮዋ አትስቅም። እኔ አለቃሽ ብሆንና መድኃኒቱን የሚጭነው መኪና በር ላይ ቆሟል፣ አሳልፊው ብልሽስ ብላ ጠየቀቻት።

ሀኪማ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ "መኪናው ይቆማል" አለች። "መርምሬ ንጹህ ከሆነ ኢንሻአላህ ራሴ አስጭነዋለሁ።"

ኢንሻአላህ ማለቷ ትዝ ያላት ከበሩ ከወጣች በኋላ ነው። ቤት ስትደርስ እንዳበላሸችው እርግጠኛ ነበረች። ዑበይድ ነገሩን ሲሰማ፣ ሰው ለሥራ ሲጠራ ይሠራል፣ አንቺ ፊታቸው አንቀላፍተሽ መጣሽ አላት። ከዚያ ፊቷን አየና ቦርሳዋን ተቀብሏት ገባ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ረዘሙብን። የጅብሪል መኪና ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሊነሳ ነው፤ ሀኪማ ልብሷን ታጥባለች፣ ታጥፋለች። አርብ ረፋዱ ላይ ግቢዬ ስትገባ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው። እሺ ትላለች፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና እሺ ትላለች። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችና መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ሴትዮዋ ናት የደወለችው። ለሙከራ ጊዜ ተቀብለንሻል፣ ሰኞ ነይ ብላታለች። ከመዝጋቷ በፊት ደግሞ፣ "ያቺን ጠርሙስ ያየሽ ቀን መጀመሪያ ወደ እኔ ነይ" አለቻት።

ጅብሪል ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ደጃፌ ላይ ቆመ።

"እትዬ አሰጋሽ፣ ጋቢናዬ ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ሆነብኝ። ምን ልጫንበት?"

"ሳሙና ጫንበት። ኮምቦልቻ ይታጠብ" አልኩት።

መሳቅ ጀመረና ትከሻው ላይ ባለው ፎጣ ጫፍ ዓይኑን ጠረግ አድርጎ ዞረ።

አሁን በማለዳ የፋብሪካው ሰርቪስ ያልፋል፣ ሀኪማም በመስኮቱ እጇን ታነሳልኛለች። አለቀላት፣ ፍርሃት ለቀቃት አልላችሁም። ስብሰባ ላይ አንዳንዴ ያ ክር አሁንም ይበጠስባታል፤ ቆም ትልና ትቀጥላለች። እናንተም አንድ ቀን እንዲያ ካለ ጠረጴዛ ፊት ትቀመጣላችሁ። ያጠናችሁት ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ። ትንሽ ዝም ማለት ይፈቀዳል፤ ጊዜ ስጡኝ ማለትም ነውር የለውም። ያን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እባካችሁ ይህቺን ልጅ አስታውሱልኝ።