ጠርሙሶቹን እይልኝ

የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ስላለው ቡናማ እድፍ በዚያ ቤት ሁለት ወሬ ይወራል። አባት እንደሚሉት ጥፋቱ የቢራው ነው፤ ያልተጣራ ቢራ ስድ አደግ ስለሆነ ክዳኑን ገና ሲነኩት እንግዳ ፊት ይዘላል። ልጃቸው እንደምትለው ደግሞ ቢራው ጨዋ ነበር፤ ያሳበዱት እሳቸው ናቸው። እናትን የጠየቀ መልስ አያገኝም። ጥያቄው ሳያልቅ ሳቅ ያፍናቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ትልቁ ቢራ ፋብሪካ ነው። ሥራቸው ጠርሙስ ማየት ነበር። መብራት ፊት ተቀምጠው እያንዳንዱን ጠርሙስ አንገቱን ይዘው ይዘቀዝቁታል፣ ያሽከረክሩታል፣ በብርሃኑ አሻግረው ያዩታል። ጉድፍ ካለበት ይወገዳል። የሥራ ባልደረቦቻቸው «አምፖል» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ስሙ አብሯቸው ቤት ገባ። የፋብሪካቸውን ቢራ ይወዱታል፤ በእውነቱም የሚያስወድድ ነገር አለው። ጥርት ያለ ነው፣ ጥም ይቆርጣል፣ የትም ቢጠጡት ያው ነው።

ልጃቸውን ያንገሸገሻት ይኸው «ያው ነው» ነበር። ከቢሮ ሥራዋ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወስዳ ጓሮ ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቢራ መጥመቂያ አደረገችው። ብቅሉን ራሷ ትፈጫለች፤ ሆፕ የሚባለውን የፈረንጅ ጌሾ ራሷ ትመዝናለች፤ ከትልቁ ድስት የሚወጣው እንፋሎት መስኮቱን ያላብሰዋል፤ ግቢው በሙሉ የተጠበሰ ዳቦ ይሸታል። ቢራዋ እንደ ደመና ድፍርስ ያለ ነው፤ እርሾው ከሥር ይተኛል። ጠርሙሱ ላይ በእጅ ጽሕፈቷ «ያልተጣራ» ብላ ጻፈችበት።

«ያልተጣራ?» አሉ አባት፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው። «እኔ ያልተጣራ ወሬ አልሰማም፣ ያልተጣራ ቢራም አልጠጣም። ሲጣራ ጥሪኝ።»

«አባዬ ደግሞ! አንዴ ብቻ ቅመሰው።»

«ከሥሩ ያለው ምንድነው? አተላ!»

«እርሾ ነው። ነፍሱ እኮ እሱ ነው።»

«ነፍስ ያለው ነገር ጠርሙስ ውስጥ አይታሸግም» ብለው የለመዱትን ቢራ ከፈቱ።

ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል የልጅቷ ተስፋ እትዬ ፍሬን ላይ ወደቀ። እትዬ ፍሬን ከመንገዱ ማዶ ያለችው መጠጥ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ሞቅ ያለውን ጠጪ ሁሉ «በቃህ፣ ፍሬን ያዝ!» እያሉ ስለሚያስቆሙ ነው። መጠጥ ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ከአንድ ፍሪጅ በላይ አትይዝም። ያንን ፍሪጅ የሰጣቸው ደግሞ ፋብሪካው ነው፤ ከእሱ ቢራ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ተዋውለዋል። የልጅቷን ቢራ ልሽጥ ካሉ ፍሪጁን መመለስ ሊኖርባቸው ነው።

«ቀምሼ እወስናለሁ» አሏት። እሺ ካሉ ጠመቃው ይቀጥላል፤ እምቢ ካሉ ሰኞ ቢሮ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠርሙሶቹን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና እንግዳዋን ልታመጣ ተነሣች። የቤቱ ድመት ጠረጴዛ ላይ መውጣት ትወዳለች። ስለዚህ በር ላይ ሆና «አባዬ፣ ጠርሙሶቹን እይልኝ!» ብላ ወጣች።

እሳቸውም አዩላት። አንድ በአንድ አንገታቸውን ይዘው ዘቀዘቋቸው፣ አሽከረከሯቸው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩአቸው። «ጉድ ነው፤ አንድም ንጹሕ የለም» እያሉ፣ የተጠራጠሩትን ደግመው አዩት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ድመቷም ወንበር ላይ ተቀምጣ እሳቸውን ታይ ነበር።

እትዬ ፍሬን ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ከፀጉር ቤት በቀጥታ መጡ።

«የታለ ጉደኛው? መክፈቱን ለኔ ተዉት፣ ሥራዬ ነው» አሉና መክፈቻውን ተቀበሉ።

ክዳኑ ጧ! ብሎ በረረ። ቢራው ተከትሎት ኮርኒሱን መታና፣ ሐሳቡን የለወጠ ይመስል ተመልሶ እትዬ ፍሬን ፀጉር ላይ አረፈ።

«አይዞን፣ ይሄኛው ደህና ይሆናል» ብለው ሌላ ከፈቱ። እሱ ደግሞ መጋረጃውን አራሰው። ድመቷ በመስኮት ወጣች።

«አባዬ! ምን አደረግካቸው?»

«እይልኝ አላልሽኝም? አየኋቸዋ!»

«እንዴት አድርገህ ነው ያየሃቸው?»

«እንዴት ይታያል ታዲያ?» ብለው አንድ ጠርሙስ አንስተው ዘቀዘቁ፣ አሽከረከሩ። «እንዲህ ነዋ!»

እናት ሶፋው ላይ ወድቀው እግራቸውን እያወናጨፉ ይስቃሉ። ልጅቷ ግን ከእትዬ ፍሬን ሹሩባ የሚወርደውን አረፋ እያየች በሐሳቧ ቢሮ ገብታለች፤ ወንበሯ ሲጢጥ ሲል ሁሉ ተሰማት።

ያኔ ከኮርኒሱ አንድ ጠብታ ወርዶ የአባት ጺም ላይ አረፈ። ሳያስቡት ላሱት። እንደገና ላሱ።

«ብርቱካን ጨምረሽበታል እንዴ?»

«ምንም አልጨመርኩም። የሆፑ ጣዕም ነው።»

አባት ወንበር ሳቡና ከሚንጠባጠበው ሥር ብርጭቆ ደቅነው ተቀመጡ። እትዬ ፍሬን ይህን አዩ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ቀድተው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨለጡት። ከሌላውም ጠርሙስ የተረፈውን ቀዱ።

«ኧረ እትዬ፣ ፍሬን ይያዙ!» አሉ እናት፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ፍሬኑማ ተበጠሰ!»

ብርጭቆውን እንደያዙ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ መጋረጃውን ገልጠው ማዶ በር ላይ የቆመውን አስተናጋጃቸውን ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጠሩት።

«ስማ! ፍሪጁን ባዶ አድርግና ከሶኬቱ ንቀለው! ሰኞ መጥተው ይውሰዱት፤ እኛ ያልተጣራውን ነው የምንሸጠው!»