ጠጠሩ ያልተለቀመ ምስር

እማማ ሸዋረገድን የሚያስቆጣቸው ነገር ብዙ ነው። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር ያንገበገባቸው፤ ግቢው በሙሉ ስለ መጽሐፍ ሲማከር እሳቸውን ዞር ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እዚያው ተቀምጠው! በገዛ በረንዳቸው ላይ፣ እንደ በረንዳው ምሰሶ!

መካኒሳ አቦ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ ባለው ግቢያቸው የሚኖሩት ተከራዮች፣ በየሳምንቱ ተጋግዘው ከደገፋ ኪዮስክ አንድ መጽሐፍ ይከራያሉ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ይሰበሰቡና ራኬብ ታነብላቸዋለች። ራኬብ የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ድምጿ ሆድ ይገባል። ሰኞ መጽሐፉ ይመለሳል። መራጩ ሁልጊዜ ታሪኩ የሚባለው ተከራይ ነው፤ ቢሮ ይሠራል፣ ከረባት ያስራል፣ ስለዚህ ያውቃል ተብሎ። የእሱ ምርጫ ደግሞ የታወቀ ነው። መጽሐፉ ይወፍር፣ ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ ይኑር፤ ሌላ አይጠይቅም።

«ያለፈውን ያመጣኸውን ረሳኸው?» አሉት እማማ ሸዋረገድ። «ገዳዩ ዘበኛው ነው ብዬ ገና ሻዩ ሳይፈላ ነግሬያችሁ አልነበር? እነዚያ ፖሊሶች ግን መጽሐፉ እስኪያልቅ ሲንከራተቱ ከረሙ። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ በጊዜ ቤታቸው ይገቡ ነበር!»

«እማማ፣ መጽሐፍ መምረጥ እኮ በርበሬ መምረጥ አይደለም» አለ ታሪኩ እየሳቀ። «ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዴት አድርጎ…»

«በርበሬ መምረጡንም አትችልበት!»

ራኬብ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። እማማ ግን አልሳቁም። «የዛሬውን እኔ አመጣለሁ። ካልጣማችሁ ሁለተኛ ስለ መጽሐፍ አፌን አልከፍትም። ከንባቡም እቀራለሁ፤ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ።»

ያለዚያ ንባብ ቅዳሜ ለሳቸው ምን ቀን ነው? ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ምስር የተሰጣበትን ሰፌድ በሁለት እጃቸው ያዙና ወጡ።

ደገፋ ሰፌዱን ሲያይ ግራ ገባው። «እማማ፣ እዚህ እኮ እህል አንቀበልም።»

«ማን ሰጠህ? ያንን የለስላሳ ሳጥን ወዲህ በል፤ ልቀመጥበት። አሁን ከየመጽሐፉ መጀመሪያ መጀመሪያውን አንብብልኝ።»

ደገፋ ያነባል፤ እሳቸው ምስር ይለቅማሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ፀሐይ ወርቃማ ጨረሯን በተራሮቹ አናት ላይ ስትፈነጥቅ ይጀምራል።

«ዝለለው። ፀሐይ መውጣቷን እኔም ከደጄ አያለሁ።»

ሁለተኛው ላይ አንድ ሰውዬ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስለ ሕይወት ያሰላስላል። «ሥራ የለውም እንዴ ይሄ ሰውዬ? መልሰው!» በሦስተኛው አንዱ ለፍቅረኛው ገጽ ሙሉ ይለማመጣል። «ትተወዋለች። እኔም ብሆን እተወው ነበር።» ጣቶቻቸው አንዴም አልቦዘኑም፤ ጠጠሩን እያነሱ ወደ መንገዱ ይወረውራሉ።

ደገፋ በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ስስ መጽሐፍ አወጣ፤ ጀርባው በጫማ ሰፊ ክር ተሰፍቷል። «ይሄን እንኳን ሰው አይወስደውም። ሽፋኑም ሄዷል።»

«የእኔም ጥርስ ሄዷል። አንብብ።»

«ትሩፋት የገዛ ተዝካሯ ላይ የደረሰችው ምሳ ሊቀርብ ሲል ነበር። ማንም አላወቃትም። ዳሱ ውስጥ ገብታ ከእድምተኛው መሐል ቦታ ያዘች…»

አንዲት ደንበኛ ሳሙና ጠየቀችው። ደገፋ «ቆይ!» አለና ሳይታዘዛት ገጹን ገለበጠ። እያነበበላቸው ሲገለብጥ፣ ሲገለብጥ ቆይቶ ቀና ቢል እማማ ሸዋረገድ እጃቸውን ምስሩ ላይ ጭነው ፈዘዋል። ሰፌዱ ላይ ጠጠሩ እንዳለ ነው። ሚዛናቸው ይኸው ነው። ከራዲዮ ትረካ ሲሰሙ ከኖሩበት ዘመን ጀምሮ ያውቁታል፤ ጥሩ ታሪክ የተነገረ ቀን የእሳቸው ወጥ ጠጠር አያጣም።

የቀበሌ መታወቂያቸውን መያዣ ሰጥተው መጽሐፉን ይዘው ተመለሱ።

«ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ የዕድር ደረሰኝ?» አለ ታሪኩ። በምን እንደመረጡት ሲነግሯቸውማ ባሰበት። «እጅዎ የቆመው በቁርጥማት ይሆናላ!»

ግቢው ሳቀ። እማማ ለመልስ አያንሱም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን መልሱን ለመጽሐፉ ተዉለት።

ራኬብ ጀመረች። ታሪኩ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ትሩፋት ዳሱ ውስጥ ስትገባ ጋዜጣው አፍንጫው ድረስ ወረደ። እድምተኛው አጠገቧ ተቀምጦ እሷኑ ማማት ሲጀምር ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ዝናብ የበረንዳውን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ራኬብ ጮክ አለች፤ ሁሉም በርጩማቸውን እየጎተቱ ተጠጉ፤ ከሁሉ ፊት የተጠጋው ታሪኩ ነበር፤ ጋዜጣው እግሩ ሥር ይረገጣል። መጽሐፉ ውስጥ የትሩፋት ባል ማንቆርቆሪያውን ይዞ እድምተኛውን እያስታጠበ መጣ፤ ተራዋ ደረሰ፤ ትሩፋት እጇን ዘረጋች…

«ጉሮሮዬ ደረቀ። ለነገ!» አለች ራኬብ።

«ምን ማለት ነው ለነገ?» ታሪኩ ብድግ አለ። «እጇን ዘርግታ ትደር?»

እማማ ሸዋረገድ ራት አቀረቡለት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላጤውን ታሪኩን የሚያበሉት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ቀጭ አለ።

«እማማ! ጥርሴን!»

«እሰይ! ቁርጥማቴ ነው፣ ቻለው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰዉ በረንዳው ላይ ቀድሞ ተኮልኩሏል፤ መጽሐፉ ግን የለም።

«ታሪኩ ማታ ወሰደው» አለች ራኬብ። «ሽፋን ልሥራለት ብሎ።»

«ሽፋን!»

እማማ ሸዋረገድ የታሪኩን በር በመዳፋቸው ደበደቡት። ታሪኩ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ ከፈተ። መጽሐፉ እጁ ላይ ነው፤ የትናንቱን ጋዜጣ ለብሷል። ጣቱን የመጨረሻዎቹ ገጾች መሐል ወትፎታል።

«እማማ» አለ፣ «ይቅርታ፣ ይሄማ… እሷ እኮ ለካ…»

«ዝም!» ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! መጽሐፉን ለራኬብ ስጥ። የሚመጣው ቅዳሜ ሰፌዴን ተሸክመህ ደገፋ ዘንድ ትከተለኛለህ፤ አሁን ግን በርጩማህን አንሳና ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ተቀመጥ! ትሩፋት ምን እንደምትሆን ካንተ ፊት ላይ ማየት አልፈልግም።»