የዱቄቱ ቀኝ እጅ

ዱቄቱ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከማሠልጠኛ በመጣ በሳምንቱ ወደ ማብሰያ ክፍል ገብቶ፣ ከጆንያው ቆንጠር አደረገና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አሸት አድርጎ፣ «ይህ ወፍጮ ድንጋዩ ከተወቀረ ቆይቷል» አለ። ምግብ አብሳዩ ከሰሰው። እኔ ደግሞ ቁጣ የሚቀርበኝ ሰው ነኝ፤ ሦስት ቀን ድስት አሳጠብኩት። አጥቦ ሲጨርስ እጁን እያደረቀ መጣና፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ግን እውነቴን እኮ ነው፤ ሻካራ ነው» አለኝ። ሌላ ሦስት ቀን ጨመርኩለት።

አባቱ ወፍጮ ቤት አላቸው። ወገባቸው እምቢ ስላላቸው ድንጋዩን ጎንበስ ብለው መውቀር አቅቷቸው፣ ልጃቸው አገልግሎቱን ጨርሶ ወፍጮውን እስኪረከባቸው ቀን ይቆጥሩ ነበር። የቀረው ሁለት ወር ነበር። በደወሉ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «እጅህን ጠብቅ።» ራስህን አይሉም፣ እግርህን አይሉም። የቡድኔ ልጆች ይስቁበታል፣ እኔም እስቃለሁ። እሱ ግን አይስቅም። የወፍጮ ሰው ዱቄትን የሚያየው በጣቱ ነው፣ በዓይኑማ ማንም ያየዋል ይለን ነበር።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ፣ አሥር ቀን ሙሉ በየጢሻው ስናሳድዳቸው ከከረሙት አማፂዎች የመጨረሻዎቹ አምስቱ አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ያለ ወፍጮ ቤት ገቡ። ውስጥ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት፣ አንዲት ሴት፣ ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ነበር። በሩንም መስኮቱንም ከውስጥ ዘጉት፤ ሞተሩን ግን አላጠፉትም። ንግግራቸውን እንዳንሰማ ነው ብለን አሰብን። መቶ አለቃው በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ እጅ ስጡ አላቸው። መልስ የሰጠን ሞተሩ ብቻ ነው። በመጨረሻ በሩ ተሰብሮ እየተተኮሰ እንዲገባ ወሰነ፤ ቀድሞ የሚገባውም የእኔ ቡድን ሆነ።

ዱቄቱ በደረቱ እየተሳበ፣ ተኝተን በምንጠብቅበት ቦይ ውስጥ አጠገቤ መጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ መተኮስ የለብንም።»

«ደግሞ ምን ሻከረህ?»

«ይስሙት እስቲ። ወፍጮው ባዶውን ነው የሚፈጨው።»

ለእኔ ያው ጩኸት ነው። እሱ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። «እህል አልቆበታል። የወፍጮ ሰው እጁ ነፃ ከሆነ ባዶ ድንጋይ አያስኬድም፤ አስረዋቸዋል ማለት ነው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ እሳት ይተፋል። ቤቱ ዝግ ነው፣ ብናኙ አየሩን ሞልቶታል፣ ብናኝ ደግሞ እንደ ባሩድ ነው። አንዲት ብልጭታ ከጣሪያው ጋር ታነሳቸዋለች። እኛ ብንተኩስ በእኛ፣ ባንተኩስ በድንጋዩ።»

«ምን ያህል ጊዜ አለን?»

«ድንጋዩ ሲቃጠል እየሸተተኝ ነው።»

አሸተትኩ፤ የገዛ ላቤ ብቻ ሸተተኝ። ግን ስድስት ቀን ድስት አጥቦም ቃሉን ያልለወጠ ልጅ ነው። ለመቶ አለቃው ነገርኩት። አንዴ ልጁን፣ አንዴ ወፍጮ ቤቱን አየና አሥር ደቂቃ ሰጠን።

የሞተሩ ክፍል ከኋላ ነው፤ በዚያ በኩል መስኮት የለም። ዱቄቱ መሣሪያውን አስቀመጠ፣ ብረት ያለበትን ሁሉ አወለቀ፣ ጫማውን ሳይቀር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «እጅህን ጠብቅ» አልኩት። ሳቅ ብሎ ሄደ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

የቀረው እሱና የወፍጮ ቤቷ ባለቤት የነገሩኝ ነው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ገልጦ ወረደ። የሞተሩ ማጥፊያ ተሰብሯል። ነዳጁን ዘጋው፤ ግን ቱቦው ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ሞተሩ ይሠራል። ሞተሩ ድንጋዩን የሚያዞርበት ቺንጋ በሚያልፍበት የግድግዳ ቀዳዳ አጮልቆ ሲያይ ነጭ ጉም በመሰለው ብናኝ ውስጥ ከድንጋዩ ሥር ብልጭታው ይታያል። የሚዞር ቺንጋ የሚጣለው በረጅም እንጨት ነው፤ እንጨቱ ያለው ግን አማፂዎቹ ጋ ነው።

«የትኛው እጅ የሚለውን አሰብኩበት» አለኝ በኋላ። «ግራዬ ጉልበት የለውም።»

ቀኙን ሰጠው። ቺንጋው ከመዘውሩ ወጣ፤ እጁን ከአንጓው ይዞት ወጣ።

እኛ ውጭ ያለነው የሰማነው ድንጋዩ፣ ቀጥሎም ነዳጁ ያለቀበት ሞተር ዝም ሲሉ ነው። ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። ከዚያ የዱቄቱ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነው፣ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ወንድሞቼ፣ የቆማችሁት ባሩድ ውስጥ ነው። ማናችሁም እንዳትተኩሱ። ድንጋዩን አቁሜዋለሁ። በሩን ክፈቱና አየር ይግባ፣ ሁላችንም በሕይወት እንውጣ።»

ባለቤቷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይህንኑ ስትነግራቸው ዝም በይ ብለዋት ነበር። አሁንም አንደኛው፣ «ማታለያ ነው» አለ። አለቃቸው ግን ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ አየ። ዱቄቱ መሬት ላይ ተቀምጦ የተቆረጠ ክንዱን በሸሚዙ እያሰረ ነበር፤ የጨርቁን ጫፍ በጥርሱ ይዟል።

አለቃቸው ቀና አለና፣ «ለውሸት ብሎ እጁን የሚሰጥ ሰው የለም» አለ። መሣሪያውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሌሎቹም አስቀመጡ።

በሩ ተከፈተ። አምስቱ የታሰሩትን ፈተው እጃቸውን አንስተው ወጡ፤ አሥራ አንዱ ተከተሏቸው። ሁሉም ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ ስለነበሩ፣ የማን እጅ ላይ ካቴና እንደምናስር ግራ ገባን። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ስድስት። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ልጆቹ በእልልታ ቦዩን ዘለው ወጡ፣ መቶ አለቃው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ከሐኪማችን ጋር ወደ ኋላ ሮጬ ዱቄቱን ተሸከምኩት።

«ስንት ወጡ?» አለኝ።

«ሁሉም።»

«አማፂዎቹም?»

«እነሱም።»

«ጎሽ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቱ ሆስፒታል መጡ። ጦርነት ያልፈራሁት ሰውዬ እኒህን ሽማግሌ ፈራኋቸው። የፋሻውን ጫፍ አይተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እኔም የወፍጮ ቤቷ ባለቤት የላከችውን ከረጢት ከኪሴ አወጣሁ። ወፍጮው ዳግም ሲነሳ መጀመሪያ የወጣው ዱቄት ነው።

አባቱ ፈቱት፤ ቆንጠር አድርገው በልጃቸው ግራ መዳፍ ላይ አኖሩለት።

ዱቄቱ በግራ አውራ ጣቱ አሸት አደረገው። ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ግማሹ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከረ።

«ድንጋዩን ወቅረውታል» አለ። «ግን ከዳር በኩል ትተዋል። ትንሽ ይሻክራል።»

«አንተ ልጅ፣ ድስቱ ናፈቀህ?» አልኩት፤ ድምፄ ግን ቁጣ አልሆነልኝም።

አባቱ ራሳቸው ቆንጥረው በቀኝ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልክ ነው፤ ዳሩን ትተውታል» አሉኝ። «ለካ ግራውም ያውቃል።»

ያኔ ነው ያለቀሱት፤ እኔም አብሬያቸው።