ከቤት የሚቆጠር ረድፍ

ሚልክያስ ሊንኩን ለአራተኛ ጊዜ ቢጫነውም ገጹ አልከፈት አለው። የጥናት ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት ድረ ገጹን ዘግቶ ጠፍቷል፤ የእሱም ላፕቶፕ አምና ተሰርቋል። የማዕረግ ዕድገቱን በዚሁ ጽሑፍ የሚያየው የኮሌጁ ኮሚቴ ደግሞ ዓርብ ይሰበሰባል።

"የራሳችሁን ጽሑፍ በኮሌጁ ዲጂታል ማኅደር ላይ ጫኑ፣ ከናንተም በኋላ ይቆያል እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ!" አለችው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ እታፈራሁ።

"መጽሔቱ እያለ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።"

"ይኸው፣ አለልህ! የታተመ ቅጂስ ማን ጋ ይኖራል?"

ገበሬው አቶ ዳልጮ ትዝ አሉት። የእንሰት አጠውላጊ በሽታን ያጠናው ዱቦ፣ እሳቸው ጓሮ ነበር፤ ጽሑፉ ሲወጣም አትሞ ወስዶላቸዋል።

በማግስቱ በሚኒባስ፣ ከዚያም በእግሩ ዱቦ ደረሰ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከመዝሙር መጽሐፋቸው መሐል፣ በፌስታል እንደተጠቀለለ አወጡለት። ሚልክያስ ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው። ሲገልጠው ግን ሠንጠረዡ በእርሳስ ተሰርዞ ታርሟል።

"አትቆጣ መምህር፣ ልጄ ሜላት አንብባልኝ ነው" አሉ። "በበሽታው ዓመት የተረፈው ሦስተኛው ረድፍ ነው ብዬህ አልነበር?"

"እኔስ ሦስተኛ ብዬ አይደል የጻፍኩት?"

"ከየት ቆጥረህ?"

"ከመንገዱ።"

አቶ ዳልጮ ሳቁ። "እንሰት ከመንገድ ይቆጠራል እንዴ? ከቤት ነው እንጂ! የሚበላው ቤት ነዋ!"

ጓሮ ወጥተው አብረው ቆጠሩ። በየረድፉ የተተከለው የእንሰት ዓይነት የተለያየ ነው፤ ጽሑፉ "በሽታውን ይቋቋማል" ያለው ያኔ ያለቀውን ነበር። ሚልክያስ አፈረ።

"ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?"

"የተማረ ሰው እንዴት ይታረማል? ደግሞ ማን ያነበዋል አልኩ።"

ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚለው ተረት ደጋግሞ መጣበት። ኮሚቴው ስህተቱን ከሰማ ዕድገቱ ሊቀር ይችላል፤ ካልሰማ ደግሞ አንድ ገበሬ ጽሑፉን አምኖ የሚያልቀውን ይተክላል።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲደርስ እታፈራሁ ወረቀቱን ስካነሩ ላይ ዘርግታ ቀና አለች። "እርሳሱን በኮምፒውተር ላጥፋልህ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

"ተዪው፣ እንዳለ ይግባ።"

"ኮሚቴውስ?"

"የኮሚቴው የዓርብ ነው። ይሄ ግን ከኛም በኋላ ይቆያል ስትዪ አልነበር?"

ከዚያ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ስቦ፣ ከስሙ ሥር "ሠንጠረዡን ያረሙት አቶ ዳልጮ ጩማ፣ ዱቦ" ብሎ ጻፈና ጫነው።